ግማሽ ኹርጅ አጋሰስ ላይ አይቀመጥም



የስደተኛ ነገር ዞሮ ዞሮ የዕቃ ነገር ነው። ከአገሩ ሲወጣ ምን ይዞ ወጣ? ድንበር ላይ ምን ጥሎ መጣ? በመንገድ ምኑን ሸጦ በላ? ምንስ ቀረለት? እኛ ሰብሰብ ስንል የምናወራው ፖለቲካ ይመስለናል እንጂ፣ ጠጋ ብሎ ላዳመጠን ሰው ወሬያችን ግማሹ የዕቃ ወሬ ነው። «አገር ቤት የሚሄድ ሰው አለ ወይ?» «ስንት ኪሎ ይተርፈዋል?» «በርበሬዋን ብቻ ቢያመጣልኝ ምን ነበረበት!» የሚለው ንግግር ያልተሰማበት የኢትዮጵያዊ ቤት ካለ ጠቁሙኝ።

ዛሬ ላወጋችሁ የተነሣሁት ግን ስለ እኛ ሻንጣ አይደለም፤ ስለ ኩርዶች ኮሮጆ ነው። «ደግሞ ኩርዶችን ከኛ ጋር ምን አገናኛቸው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው፤ ጎረቤታሞች ነን። እኔ በምኖርበት በናሽቪል ከተማ፣ በቴኔሲ፣ በአሜሪካ ትልቁ የኩርዶች ማኅበረሰብ ይኖራል። በኖለንስቪል ጎዳና ዳቦ ቤታቸውና ግሮሰሪያቸው ተደርድሯል። መስጊዳቸውን የሰየሙት በሰላሃዲን ስም ነው። ሰላሃዲን ማለት በ1187 ኢየሩሳሌምን ከመስቀል ጦረኞች የወሰደው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ ዴር ሡልጣንን ለአባቶቻችን ሰጠ እየተባለ ሲነገረን ያደግነው ያው ሡልጣን ነው። ኩርድ መሆኑን የሚያውቅ ግን ከመካከላችን ብዙ አይደለም።

ኩርዶች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሆነው ሳለ የራሳቸው መንግሥት የሌላቸው ሕዝብ ናቸው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1920 የተፈረመው የሴቭር ውል ተስፋ ሰጥቷቸው ነበር። በ1923 የሎዛን ውል ሲተካው ተስፋው ከወረቀቱ ላይ ጠፋ። አገራቸው ለቱርክ፣ ለኢራን፣ ለኢራቅና ለሶርያ ተከፋፍሎ ቀረ። በጋና ክረምት ከብታቸውን እየነዱ ከቆላ ወደ ደጋ ይመላለሱ የነበሩት ዘላኖቻቸው ድንገት ድንበር ጠባቂ ወታደር ፊት ቆሙ።

የኔ ጎረቤቶች ከኢራቅ ከሐለብጃ አካባቢ የመጡ ናቸው። ከሴፕቴምበር 1996 እስከ አፕሪል 1997 ድረስ የአሜሪካ መንግሥት 6,600 ያህል ሰዎችን፣ አብዛኞቹ ኩርዶች፣ ከሰሜን ኢራቅ አውጥቶ በጉዋም ደሴት በኩል ወደዚህ ሲያስገባ እነርሱም አብረው መጡ። አባወራው «ካካ» ይለኛል፤ ወንድም ጋሼ እንደማለት ነው። እናቱን ቤተሰቡ ሁሉ «ዳዬ» ይላቸዋል፤ እማዬ ማለት ነው። እኔም ዳዬ አልኳቸው፤ እርሳቸውም «ኩሪም»፣ ልጄ፣ አሉኝ። እንግሊዝኛቸው ከኔም ያነሰ ስለነበር የልጅ ልጃቸው በመካከላችን እየተቀመጠች ታስተረጉመን ነበር።

በእኒያ ሰዎች ሳሎን ውስጥ፣ በሶፋው መደገፊያ ላይ፣ ግራና ቀኝ ተንጠልጥሎ የሚኖር አንድ የሱፍ ኮሮጆ ነበር። «ኹርጅ» ይሉታል። ዓረቦችም ኹርጅ፣ ፋርሶች ደግሞ ኹርጂን ይሉታል። የኔ ጆሮ «ኮሮጆ» ብሎ ነው የሰማው። የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ዝምድና አይሆንም፤ ይሁን እንጂ የስደተኛ ጆሮ እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ ደስ ይለዋል።

ኹርጅ ሁለት ኪስ ያለው፣ በአጋሰስ ወይም በአህያ ጀርባ ላይ ተጋድሞ በሁለቱም ጎን የሚወርድ ኮሮጆ ነው። ሰውም በጫንቃው ላይ ጣል ሊያደርገው ይችላል። የኩርዶች ኮሮጆ ዓይነቱ ብዙ ነው። ፋርሶች መፍረሽ የሚሉት እንደ ሣጥን ያለ ትልቅ የመኝታ ልብስ መያዣ አለ። ቻንታ የሚባል ትንሽ ቦርሳ አለ። በሀካሪ ተራሮች ሴቶች ጭነት በጀርባቸው የሚያዝሉበት ፓርዙን የሚሉት አለ። የጨው ኮሮጆም አለ፤ አንገቱ እንደ ጠርሙስ የጠበበ ነው። ለምን ጠበበ ቢሉ፣ ጨው እንዳይፈስና ጨው የለመደ በግ አፉን አስገብቶ እንዳይልሰው ነው። ይህን ስሰማ አገር ቤት አሞሌ ሲያዩ የሚንጋጉት ከብቶች ትዝ አሉኝ።

አሁን ወደ አሠራሩ ልውሰዳችሁ፤ የንድፉ ምሥጢር ያለው እዚያ ነውና።

አገር ቤት ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ ይሸምናል። በኩርድ ዘላኖች ድንኳን ግን የምትፈትለውም የምትሸምነውም ሴቷ ናት። መሸመኛው መሬት ላይ የተጋደመ ነው፤ አራት ካስማ ይመታና ድሩ በመካከሉ ይወጠራል። ጉዞ ሲመጣ ካስማው ይነቀላል፣ የተጀመረው ሥራ ይጠቀለላል፣ አዲሱ ሰፈር ሲደረስ እንደገና ይወጠራል። ኹርጁ የሚሸመነው ባንድ ወጥ ነው። መጀመሪያ የአንዱ ኪስ ፊት፣ ቀጥሎ ጀርባው፣ ከዚያ መካከለኛው ድልድይ፣ ከዚያ የሁለተኛው ኪስ ጀርባ፣ በመጨረሻም ፊቱ። ከመሸመኛው ሲወርድ ሁለቱ ጫፎች ወደ ላይ ይታጠፉና ጎን ለጎናቸው ይሰፋሉ። አፉ የሚዘጋው በቁልፍ አይደለም። በአንደኛው ጠርዝ ላይ የተሰፉ የፈትል ቀለበቶች በሌላኛው ጠርዝ ቀዳዳዎች ያልፋሉ፤ አንዱ ቀለበት በሚቀጥለው ውስጥ እየገባ ይሄድና የመጨረሻው ይቆለፋል። እጁን ሰዶ ለመስረቅ የፈለገ ሰው ሁሉንም አንድ በአንድ መፍታት አለበት፤ ሌባ ደግሞ ጊዜ የለውም።

ንድፉን ያየ ኢትዮጵያዊ በመጀመሪያ የሚለው «መስቀል ነው!» ነው። እውነትም የኛን የጥለት መስቀል የሚመስል ቅርጽ አለው። አልማዝ በሚመስሉ ቅርጾች የተሞላ ነው፤ የእያንዳንዱ አልማዝ ጠርዝ ዙሪያውን እንደ መንጠቆ ቀንድ አውጥቷል። ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብም አለበት። ይህ ሁሉ አልማዝና ደረጃ ከየት መጣ? መልሱ መጀመሪያ ድርና ማግ ውስጥ ነው ያለው።

ቀይና ሰማያዊ ማግ ጎን ለጎን ሲሸመኑ አስቡ። ቀዩ እስከ ድንበሩ ደርሶ ይመለሳል፤ ሰማያዊውም እንዲሁ። ድንበሩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከሄደ በሁለቱ መካከል እንደ ምላጭ ስንጥቅ ያለ ክፍተት ይፈጠራል። የተሰነጠቀ ኮሮጆ ደግሞ እህል ያፈሳል። ስለዚህ ሸማኔዋ ድንበሩን በየጥቂቱ አንድ ሁለት ድር ወደ ጎን ትገፋዋለች። ያን ጊዜ ረጅሙ ስንጥቅ ትንንሽ ደረጃ ይሆናል፤ ደረጃው ሰያፍ መስመር ይሠራል፤ አራት ሰያፍ ሲገጥም አልማዝ ይወጣል። ውበቱ እህሉ እንዳይፈስ ከተወሰደ ጥንቃቄ ተወለደ ማለት ይቻላል።

የዳዬ ኹርጅ ፊቱ የተሠራው ግን በቋጠሮ ነው፤ እንደ ምንጣፍ ጠጉሩ የቆመ ነው። በኢራንና በኢራቅ ድንበር ላይ የኖሩት ጃፍ የሚባሉት ኩርዶች በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። የጃፍ ሴቶች አንድ ብልሃት አላቸው። እያንዳንዱ ቋጠሮ በሁለት ድር ላይ ይታሰራል። በአንደኛው ረድፍ በአንደኛውና በሁለተኛው ድር ላይ ያሰረች ሴት፣ በሚቀጥለው ረድፍ አንድ ድር ታልፍና በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ ታስራለች። በዚህ ምክንያት ሰያፉ መስመር እንደ ልቧ ይታዘዝላታል፤ መንጠቆዎቹም ጥርት ብለው ይወጣሉ። ከዚያ ቀለሞቹን በሰያፍ ታሰልፋቸዋለች፤ ቀዩ አልማዝ ከቀዩ፣ ሰማያዊው ከሰማያዊው ጋር ጥግ ለጥግ ተያይዞ ይወርዳል። የኪሱ ጀርባ ደግሞ ጠጉር የሌለው ተራ ሽመና ነው፤ ማንም ስለማያየው ሳይሆን፣ ከአጋሰሱ ጎን ጋር የሚገጥመው እርሱ ስለሆነ መቅለል አለበት። በሌሎች ኹርጆች ላይ ፊቱ ተራ ሽመና ሆኖ ታችኛው ጠርዝ ብቻ በጠጉር ቋጠሮ የተሠራ ታያላችሁ። መሬት ላይ ሲቀመጥ ቶሎ የሚያልቀው ያ ክፍል ነው፤ ቋጠሮ ደግሞ መፈተግን ይችላል።

የቀለሙም ነገር እንዲሁ ነው። ቀዩ የሚወጣው ሩናስ ከሚባል ተክል ሥር ነው። ሰማያዊው ከኢንዲጎ፣ ቡናማው ከዋልነት ልጣጭና ከራሱ ከበጉ የተፈጥሮ ጠጉር። በ1856 ዊልያም ፐርኪን የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት በፋብሪካ የሚሠራ ቀለም ካገኘ ወዲህ፣ ርካሹ የፋብሪካ ቀለም ቀስ በቀስ እስከ ዘላኖቹ ድንኳን ዘለቀ። ከቀደምቶቹ ቀለሞች አንዳንዶቹ ፀሐይ የማይችሉ ነበሩ። የጠጉሩን ጫፍ ብታዩት አመድማ ነው፤ ጠጉሩን ገለጥ አድርጋችሁ ሥሩን ብታዩት ግን ደማቅ ሐምራዊ ሆኖ ተደብቆ ይገኛል። በዳዬ ኹርጅ ላይም እንዲህ ያለ አንድ ቀለም አለ። የሸመኑት እናታቸው ናቸው። «እናቴ ያን ቀለም ከገበያ ስትገዛ በጣም ደስ ብሏት ነበር አሉ» ብለው ሳቁ።

አንድ ቀን ታዲያ ጠየቅኋቸው። «ዳዬ፣ ይህ መንጠቆ ምንድን ነው? ይህስ ኮከብ ትርጉሙ ምንድን ነው?» ልጅቱ አስተረጎመች። ዳዬ ኹርጁን ጭናቸው ላይ አድርገው አሰቡና፣ «ይሄኛውን እናቴ የበግ ቀንድ ትለው ነበር» አሉ። «አክስቴ ግን ያንኑ ጊንጥ ነበር የምትለው። ባለፈው የመጣችው የዘመድ ልጅ ደግሞ ማበጠሪያ ነው አለች።» «ታዲያ የቱ ነው ትክክሉ?» ብላቸው፣ «ትርጉሙን አልነገሩኝም፤ አሠራሩን ነው ያሳዩኝ። ስንት ቋጠሮ በዚህ፣ ስንት ቋጠሮ በዚያ» አሉኝ።

ይህን መልስ የወደድኩት እውነቱን የያዘ ስለሆነ ነው። ስም አለ፤ ስሙ ከመንደር መንደር፣ ከእናት አክስት ይለያያል። ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው ቁጥሩ ነው። ገበያው ግን እንዲህ ያለውን መልስ አይወድም። ገበያ ተረት ይፈልጋል።

ለምሳሌ ያህል፣ በቱርክ ውስጥ ቻታልሁዩክ የተባለውን ጥንታዊ ሠፈር ከ1961 እስከ 1965 የቆፈረው ጄምስ መላርት የተባለ እንግሊዛዊ የአርኪኦሎጂ ሰው ነበር። በ1989 ከሌሎች ጋር ሆኖ ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ፣ በአካባቢው ምንጣፎች ላይ ያለው ንድፍ ከሺህ ዓመታት በፊት በዚያ ሠፈር ግድግዳ ላይ ከተሳለ ሥዕል የወረደ ነው፤ እጇን በወገቧ ላይ ያደረገች የምትመስለው ቅርጽ የጥንቷ እናት አምላክ ናት አለ። የምንጣፍ ነጋዴ ሁሉ ደስ አለው! ሥዕሎቹ ግን በፎቶግራፍ የሉም፤ መላርት ራሱ የነደፋቸው ብቻ ነበሩ። ስለ ሽመና የሚያውቁ ሰዎች ያኔውኑ ተቃወሙ፤ እንዲህ ያለው ቅርጽ ከሽመናው ብልሃት የሚወለድ እንጂ ከግድግዳ የሚገለበጥ አይደለም አሉ። መላርት በ2012 ሞተ። በ2018 ኤበርሃርት ዛንገር የተባለ ተመራማሪ በሟቹ ቤት ውስጥ የእነዚያን «ጥንታዊ ሥዕሎች» ረቂቆችና ልምምዶች ማግኘቱን ይፋ አደረገ። ሰውየው ጥንታዊ ያላቸውን ነገሮች እዚያው ቤቱ ሲፈጥር ኖሯል ማለት ነው። እናት አምላክ እየተባለ ትርጉም ሲሰጣቸው የኖሩት ምንጣፎች ግን እውነተኛ ናቸው፤ የሸመኗቸውም ሴቶች እውነተኛ ናቸው። ስማቸውን የጠየቀ ሰው ነው የጠፋው።

የስም ነገር ሌላም ጣጣ አለው። የኩርድ ሴት የሸመነችው ኮሮጆ ገበያ ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ «የቱርክ» ወይም «የፋርስ» ይባላል። ስሙ የሚሰጠው በተገኘበት መንግሥት እንጂ በሠራችው እጅ አይደለም። እኛም ይህን በደንብ እናውቀዋለን፤ ቡናችን በሰው አገር ስም ተሽጦ ያየን ሰዎች ነን። ዊልያም ኢግልተን የተባለ አሜሪካዊ ዲፕሎማት በኩርዶች አገር ዞሮ ያየውን ሽመና ሰብስቦ ኩርዳዊ በሚለው ስም በመጽሐፍ ያወጣው በ1988 ነው። ያ ዓመት ለኩርዶች ሌላም ትርጉም አለው። ማርች 16 ቀን 1988 የሳዳም ሁሴን አውሮፕላኖች በሐለብጃ ላይ የመርዝ ጋዝ ጣሉ። አምስት ሺህ ያህል ሰው አለቀ። በዚያው ዓመት አንፋል በተባለው ዘመቻ በሺህ የሚቆጠሩ መንደሮች ፈረሱ። ሐለብጃ የጃፎች ከተማ ናት፤ በ1924 የሞተችው ስመ ጥሯ አዴላ ኻኑም፣ የጃፍ ባላባት ሚስት፣ ያስተዳደረቻት ናት። እንግዲህ የኮሮጆዎቹ ስም በመጽሐፍ በተመዘገበበት ዓመት ኮሮጆዎቹን የሚሠሩት እጆች በጋዝ አለቁ።

ዳዬ ያን ቀን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነበሩ። ተራራውን አቋርጠው ወደ ኢራን ሲሸሹ ኹርጁን በጫንቃቸው ጥለው ነው የሄዱት። በፊት በኩል ዳቦ፣ በኋላ በኩል የሕፃናት ልብስ። ከዚህ በላይ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ስለዚያ ቀን ሲነሣ ልጅቱም ማስተርጎሟን ታቆማለች።

በፈቃዳቸው የሚያወሩት ስለ ልጅነታቸው ነበር። ጃፎች ገና ከቆላ ወደ ደጋ ይጓዙ በነበረበት ዘመን፣ ትንሿን ልጅ በእግሯ መሄድ ስላልቻለች በኹርጁ አንደኛ ኪስ ውስጥ ያስቀምጧታል። አንደኛው ወገን ብቻ ከከበደ ግን ጭነቱ ይንሸራተታል። ስለዚህ በሌላኛው ኪስ ውስጥ አዲስ የተወለደ ግልገል ይጨምራሉ። «እኔ ስተኛ ግልገሉ ይጮሃል፣ እርሱ ሲተኛ እኔ እጮሃለሁ» ይሉና እስኪያስላቸው ይስቃሉ።

እዚህ ላይ ስለ ሌሎች ኩርዶች አንድ ነገር ልጨምር። በ1600 ገደማ የፋርሱ ንጉሥ ሻህ አባስ ብዙ የኩርድ ነገዶችን ከምዕራብ አንሥቶ፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ አርቆ፣ በሰሜን ምሥራቅ በኾራሳን አሰፈራቸው። የኡዝቤኮችን ወረራ እንዲመክቱለት ነው። እነሆ ከ400 ዓመት በኋላም ልጅ ልጆቻቸው በቁቻንና በቦጅኑርድ አካባቢ ኩርድኛ ይናገራሉ፤ ይሸምናሉም። ሽመናቸውን የመረመሩ ሰዎች ከቱርክመንና ከባሉች ጎረቤቶቻቸው የተዋሱትን ንድፍ ያሳያሉ። ተዋሱ ተብሎ ግን ኩርድነታቸው አልቀረም። እኛ ሃያና ሠላሳ ዓመት ኖረን «ልጆቻችን ጠፉ» እያልን የምናለቅስ ሰዎች ይህን ብናስብበት ደግ ነው። ጎረቤት ያለው ሰው ይዋሳል። ኩርዶቹ በአራት መቶ ዓመት መዋስ ያልጠፉት መሥራት ስላላቆሙ ነው።

ወደ ናሽቪል ልመለስ። ዳዬ ከጥቂት ዓመታት በፊት አረፉ። ከለቅሶው በኋላ የኹርጁ ነገር ተነሣ። ልጃቸው፣ ጎረቤቴ፣ የእናቱ የሕክምና ዕዳ ነበረበት። አንድ የጥንት ዕቃ ነጋዴ ደግሞ ኹርጁን አይቶ ጥሩ ዋጋ ሰጥቶት ነበር፤ ነገር ግን የሚፈልገው ሁለቱን ፊቶች ብቻ ነው። ጀርባው ተቆርጦ ይጣላል፣ ፊቶቹ ለየብቻ በመስታወት ክፈፍ ገብተው ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ እንግሊዞች የኮሮጆ ፊት እየቆረጡ ወንበር ያለብሱበት ነበር። ዛሬ በሰብሳቢዎች እጅ ያለው አብዛኛው የጃፍ ሥራ ጀርባ የሌለው ፊት ነው።

ከስቶክሆልም ለለቅሶ የመጣችው የዳዬ ሴት ልጅ ይህን ስትሰማ ተቆጣች። «የናቴን እናት እጅ ለባዕድ አትሸጥም!» አለች። «እንግዲያው ምን ይሁን?» ሲላት፣ «ከመካከሉ ይቆረጥና አንዱን ኪስ አንተ፣ አንዱን እኔ እንውሰድ» አለች። ለጊዜው ፍርድ መሰለ። ወንድምየው ዕዳውን እያሰበ ዝም አለ። መቀሱን የሚያመጣ ግን አልተገኘም።

የልጅ ልጂቱ፣ አስተርጓሚያችን፣ ያን ጊዜ ኮሌጅ ገብታ ነበር። ከሶፋው ላይ ኹርጁን አንሥታ በደረጃው መደገፊያ እንጨት ላይ አጋደመችው። በአንደኛው ኪስ ውስጥ ሁለት ወፍራም መጽሐፍ ከተተች፤ ሌላኛውን ባዶ ተወችው። ኹርጁ ቀስ ብሎ ተንሸራተተና ወለሉ ላይ ዱብ አለ። «አያቴን የተሸከማት ግልገሉ ነው» አለች። «ግማሽ ኹርጅ አጋሰስ ላይ አይቀመጥም።» ከዚያ በኋላ ስለ መቀስ ያወራ ሰው የለም።

መፍትሔው እንዲህ ሆነ። ኹርጁ አንድ ዓመት ናሽቪል፣ አንድ ዓመት ስቶክሆልም ይኖራል። ዕዳውን ወንድምና እህት ተካፍለው በየወሩ ይከፍላሉ። ኹርጁ ባዶውን አይጓዝም፤ ሁለቱም ኪስ ሞልቶ ነው የሚሄደው፤ ይህ የእህትየዋ ሐሳብ ነበር። ከዚህ የዳዬ የጸሎት መሐረብና አንድ ከረጢት ፒካን፣ ከዚያ ሄል ያለበት ኩኪስና የልጆች ፎቶግራፍ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጓዝ እኔም፣ መቼም ሰው ሲሄድ ዝም ብሎ ማየት አይሆንልንም፣ ስቶክሆልም ላለ ወዳጄ አንድ ኪሎ በርበሬ ይዤ ሄድኩ። በሁለቱም ወገን እኩል እንዲሆን ልጅቱ በሚዛን ለክታ ግማሽ ኪሎ በዚህ፣ ግማሽ ኪሎ በዚያ አድርጋ ከተተችው። የጃፍ ኹርጅ በርበሬ ተሸክሞ አትላንቲክን ተሻገረ! ወዳጄ ደውሎ «በርበሬው ደረሰ፣ ግን የበግ የበግ ይሸታል» አለኝ።

ከመሄዱ በፊት ልጅቱ አንድ ሌላ ነገርም አደረገች። መዳፍ የምታህል ነጭ ጨርቅ ቆርጣ የሸመኑትን የቅድመ አያቷን ስም፣ የመንደሯን ስም፣ የዳዬን ስም፣ ኹርጁ የተሻገራቸውን ድንበሮች ከነዓመታቸው በክር ጠልፋ ከአንደኛው ኪስ ውስጠኛ ወገን ላይ ሰፋችው። ከአሁን በኋላ ኹርጁ ማንም እጅ ቢገባ፣ «የማን እንደሆነ የማይታወቅ፣ ምናልባት የፋርስ» ተብሎ አይሸጥም። እዚያው ኪሱ ውስጥ ተጽፏል።

አሁን የኛን ቤት ተመልከቱ። ግድግዳችን ላይ አገልግል ተሰቅሏል፤ ሙዳይ አለ፤ ከሳጥን ግርጌ የእናታችን ቀሚስ አለ። ልጆቻችን «ይህ ምንድን ነው?» ሲሉን «የአገር ቤት ነው» እንላቸዋለን። የአገር ቤት ማለት ግን የማንም ማለት ነው። የሰፋችው አክስት ስም አላት። የተገዛበት ገበያ ስም አለው፤ ይዞት የመጣው ሰው፣ የመጣበት ዓመት ይታወቃል። እናቶቻችን በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ደውለን እንጠይቃቸው። ስለ ንድፉ ትርጉም ብዙ አናስጨንቃቸው፤ ማን እንደሠራውና እንዴት እንደሚሠራ ይንገሩን። የነገሩንንም በወረቀት ሳይሆን በጨርቅ ላይ እንጻፈውና እንስፋው፤ ወረቀት በስደት ቤት አይበረክትም።

ቸር ይግጠመን።